ቁራሌው ሲያልፍ

«ቁራሌው!» ማለት «ቆርቆሮ ያለው!» ነበር ይባላል፤ በጥሪ ብዛት አጥሮ ነው እንዲህ የሆነው። በእኛ ሰፈር አሮጌ ዕቃ ገዢው ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ያልፋል፤ ድምፁ ከጆንያው ቀድሞ ግቢ ይገባል። ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ መስኮቱን በኃይል ዘጋው። «ይሄ ሰውዬ አያስጠናም እኮ፣ ጋሼ!» አለኝ። ምን እያጠና እንደሆነ ጠየቅሁት። ያገለገለ ዕቃን መልሶ ስለመጠቀም ነበር።

ያ ጆንያ ዞሮ ዞሮ የሚራገፈው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ተቀዶ በረባሶ ይሆናል። አሮጌ አሉሚኒየም ማቅለጥ የሚፈጀው ኃይል ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የተራው ሰዎች ይህን በመቶኛ ባያሰሉትም በኪሳቸው ያውቁታል። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን «ካላጠናህ ቁራሌው ትሆናለህ» እያልን እናስፈራራለን።

*

ሐምሌ ላይ ችግኝ ተክለን የምንኮራበት «አረንጓዴ አሻራ» አለ። ቀንሱ የምንባለው «የካርቦን አሻራ» ደግሞ አለ። አንዱን አትሙ፣ ሌላውን አጥፉ፤ ቃሉ ግን ያው አንድ ነው። አምና ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለተከላ ወጥተን ስንመለስ አውቶቡሱ መንገድ ዳር ቆመ። ከሰል ረክሶ ታይቶ ነው። ችግኙ በሄደበት የዕቃ ማስቀመጫ ጆንያው ተመለሰበት። እኔም አንዱን ከጓደኛዬ ጋር ተካፍያለሁ።

*

ከውጭ የሚመጣው ምክር ሁልጊዜ «አምፖል አጥፉ» ብሎ ይጀምራል። መብራቱን ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ለሚያመነጭ አገር ትክክል ነው። የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ የውኃ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኛ ቤት ጥፋተኛ ከተፈለገ አምፖሉ ይለፈኝ ይበል፤ ከሥሩ የተጣደው የከሰል ምድጃ ይጠየቅ። በባህላዊው መንገድ አፈር አልብሶ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ እንጨት ይነዳል። የአንድ ቀን ቡና ስንት የግራር ቅርንጫፍ እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

«ቡና በኤሌክትሪክ አይጥምም» ከሚሉት አንዱ ነኝ። አንድ እሑድ ከሰል አልቆ ለዕጣን የምትበቃ ፍም ብቻ ቀርታ ነበር። ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልታ፣ ጀበናውን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣ ዕጣኑን አጨሰችበት። ከአቦል እስከ በረካ «የከሰል ነገር!» እያልኩ ሳደንቅ ዝም ብላ ሰማችኝ። የነገረችኝ ስኒው ከታጠበ በኋላ ነው።

*

የማገዶ ነገር ከተነሳ፣ ድስት ከነክዳኑ ይገዛል። ዓመት ሳይሞላው ክዳኑ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ቤት ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ ባቄላ ቶሎ እንደሚበስል እናቶቻችን ያውቃሉ፤ እኛ የምናስታውሰው ከተጣደ በኋላ ነው።

*

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ሆዳሙ ነው፤ 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል፤ ከዚያ ላይ እስኪግል የሚበላው አለ። ባደግሁበት ግቢ ምጣዱ አንድ ነበር። ጋግራ የጨረሰችው በአጥሩ በኩል «እትዬ፣ ምጣዱ እንደጋለ ነው፤ ሊጥዎን ያምጡት!» ትላለች። አንድ ግለት ሦስት ቤት ያበላ ነበር። አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንድ ፎቅ ላይ አራት በር አለ፣ አራት ምጣድ አለ፣ አራት ጊዜ ማጋል አለ። የበዓል ዋዜማ ሁሉም እኩል ይለኩስና መስመሩ አልችል ይላል። መብራቱ ይሄዳል፤ የዶሮው ድስት ወደ ከሰል ይዛወራል።

በዚያው ፎቅ፣ ማንም ሳይታጠብበት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲያሞቅ የሚውል የሻወር ቦይለር ያለበት ቤት አለ። የኛም ነው። ማጥፊያው ከበሩ ጀርባ መሆኑን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው።

*

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ጭስ የሌለው መኪና መልካም ነገር ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ሰልፍ ውስጥ ሲቆም ግን የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ ውስጡም ያው አንድ ሰው ነው። አጠገቡ 12 ሰው የጫነ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ያልባል።

አዲሶቹ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ማታ ማታ ያምራሉ። የስፖርት ቱታ ለብሰው በእግር የሚሄዱባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። መኪናቸውን የሚያቆሙበት ግን እያጡ ይቸገራሉ።

አንድ ነገር ከረምረም ብሎ ነው የገባኝ። ፒያሳ ይኖር የነበረ ወዳጄ ዕድሜውን ሁሉ አራት ኪሎ ወዳለው ሥራው በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ ስለ ካርቦን አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። ሰፈሩ ሲነሳ ከተማው ዳር ቤት ተሰጠው። አሁን ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ይይዛል፤ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ከቤት ይወጣል። ለዚህ ሰው «በእግርዎ ይሂዱ» የሚል በራሪ ወረቀት ማደል ድፍረት ይጠይቃል።

*

አውሮፓ ውስጥ «በሳምንት አንድ ቀን ሥጋ ይቅርብን» የሚል ቅስቀሳ አለ። ረቡዕና ዓርብን ማን በነገራቸው! ሁዳዴው 55 ቀን፣ ፍልሰታው፣ የነቢያቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ለአየር ንብረት ብለን የምንጾም እንዳይመስላችሁ ደግሞ የፋሲካ ማግስት ቁርጥ ቤት ጎራ በሉ።

*

የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን መጣች። የጨርቅ ዘንቢል ይዛ ገበያ ወጣች፤ እናቴን ፌስታል ስትቀበል አይታ ተቆጣቻት። ትክክል ናት፤ ምክር ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እኔ ግን በልቤ ሌላ ሒሳብ ያዝኩ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ በረራ የአንድ ተሳፋሪ ድርሻ 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በነዳጅ ምክንያት በዓመት የሚደርሰው በአማካይ ከ0.2 ቶን በታች ነው። አሥር ዓመታችንን በአንድ ሻንጣ ይዛ መጣች ማለት ነው። ይህን አልነገርኳትም፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጣች እህት እንዲህ አይባልም።

የምትሄድ ዕለት እናቴ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ታጥበው የደረቁ ሦስት ፌስታሎች አወረደች። በአንዱ ሽሮ፣ በአንዱ በርበሬ፣ በሦስተኛው ቆሎ ቋጥራ ሻንጣው ውስጥ አስተካከለችላት። «ስትጨርሺ አትጣዪው፣ ልጄ፤ አጥበሽ ላኪልኝ» አለቻት።