ትልቅ የኤስኤስዲ መሸጎጫ ያለው ሰርቨር ሲነሣ ስለ መዘግየቱ

የሊኑክስ ከርነል በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው 3.10 ስሪት ጀምሮ ቢካሽ የሚባለውን አሠራር ይዟል፤ ይህም ፈጣኑን ኤስኤስዲ የዘገምተኛው ሃርድ ዲስክ ካሽ፣ ማለትም ጊዜያዊ መሸጎጫ፣ የሚያደርግ ነው። የትኛው መረጃ በኤስኤስዲው ላይ የት እንደተቀመጠ የሚያመለክተው ማውጫ ቢ-ትሪ በተባለ የዛፍ መዋቅር የሚያዝ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ከርነሉ መሸጎጫውን ሲመዘግብ መጀመሪያ የቅርብ ለውጦች የተመዘገቡበትን ጆርናል አንብቦ ቀጥሎ ዛፉን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይፈትሻል። መሸጎጫው በቴራባይት ሲለካና በትንንሽ ቁራጮች ሲሞላ ማውጫውም በዚያው ልክ ስለሚገዝፍ፣ ፍተሻው ደቂቃዎችን ሊፈጅ ይችላል።

መዘግየቱ ብቻውን ቢሆን በታገሡት ነበር፤ ነገሩን የሚያከብደው መሣሪያዎችን የሚያስመዘግበው ዩዴቭ ለአንድ ሥራ በተለምዶ 180 ሰከንድ ብቻ ሰጥቶ፣ ገደቡ ሲያልፍ ምዝገባውን በመሃል ማቋረጡ ነው። ያኔ ቢካሽ0 የተባለው መሣሪያ አይፈጠርም፤ በኤፍኤስታብ የተጻፈው ክፋይም ማውንት ሳይደረግ ይቀርና ማሽኑ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን ያየ ባለሙያ ጤነኛውን ኤስኤስዲ ተበላሽቷል ብሎ ለመደምሰስ ፈጽሞ መቸኮል የለበትም፤ ገና ወደ ሃርድ ዲስኩ ያልተጻፈ መረጃ በውስጡ ሊኖር ይችላልና። ፍተሻውን ለብዙ ትሬዶች የሚያከፋፍለው ማሻሻያ በ5.7፣ ምዝገባው ዩዴቭን ሳያስጠብቅ ከበስተጀርባ እንዲካሄድ የሚያደርገው አማራጭ ደግሞ በ5.8 ስሪት ስለገቡ፣ ከዚያ በቆየ ከርነል ለሚሠራ ሰርቨር ቀዳሚው መፍትሔ ከርነሉን ማሳደግ ነው፤ ይህ ካልተቻለ የዩዴቭን የጊዜ ገደብ በከርነሉ የማስነሻ ትእዛዝ ላይ ማራዘም ይረዳል።