በልጃችን ስም ስለ ተጻፈው ስድብ

በዛሬው ዘመን የልጅ ስም የሚነሣው በሰፈርና በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ ፊቱን አይተውት በማያውቁ፣ ከሩቅ ሆነው በስልክ አብረውት በሚጫወቱ ልጆችም ዘንድ ነው። «የስልክ ጨዋታ ነገር ለቤተ ሰብ ምን ይረባዋል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የምንጽፈው ግን ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ስሙ ነው።

የምንኖረው በሸካ ዞን፣ በአንድራቻ ወረዳ፣ በጌጫ ነው። ዙሪያው ደንና እንሰት ነው፤ ዝናቡም ብዙ ስለ ሆነ ልጆች ከቤት ተዘግተው የሚውሉበት ቀን አያንስም። የዐሥራ አራት ዓመቱ ልጃችን በእንዲህ ያለው ቀን ከቴፒ፣ ከሚዛን ተፈሪና ከአዲስ አበባ ጓደኞቹ ጋር በአንድ ቡድን ሆኖ በስልክ ይጫወታል፤ ጨዋታውም መጻጻፊያ ስላለው እዚያው ይመካከራሉ፣ ይቀላለዳሉ።

ባለፈው ክረምት መጻጻፊያው ተዘጋበት። ከኩባንያው የመጣው ማስታወቂያ ሌሎችን ስለ ተሳደበ ለሠላሳ ቀን መታገዱን የሚገልጽ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ጓደኞቹ ያሳዩን ጽሑፍ ግን ከዚያ የከፋ ሆኖ አገኘነው፤ የቴፒውን ልጅ እናትና ወገን የሚያዋርድ ቃል ነው። ልጃችንም እንባው እየወረደ «አባባ፣ እኔ አልጻፍኩትም፤ ስሜ ነው የጻፈው» አለን።

እውነቱን ነበር። ከጥቂት ቀን በፊት «ነጻ ስጦታ» የሚል ሊንክ ደርሶት፣ የጨዋታውን ገጽ አስመስለው በሠሩት የሐሰት ገጽ ላይ ፓስወርዱን ጽፎ ኖሯል። ሌባውም በዚያ ገብቶ በልጁ አፍ ተናገረ።

ነገር ግን «አካውንቴ ተሰርቆ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ተሳዳቢውም የሚለው ይህንኑ ነውና። እንዲህ ያለውን አቤቱታ ሲያነብ የሚውል ሠራተኛ «ታናሽ ወንድሜ ነው የጻፈው» የሚለውን ምክንያት እስኪሰለቸው ድረስ ሰምቶታል። ደግሞም ልጆች ሲመዘገቡ ሳያነቡ በሚስማሙበት ውል ውስጥ፣ በአካውንቱ ለሚደረገው ሁሉ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ አይታጣም። እንግዲህ ንጹሑ ልጅ ከበደለኛው ጋር አንድ ዓይነት ቃል ይዞ በአንድ በር ይቆማል ማለት ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ሌባውን ማስወጣት ያስፈልጋል። ሌባው በውስጥ ሳለ የሚቀርብ ይግባኝ ከንቱ ነው፤ ማታ ተመልሶ ይሳደባልና። ከሁሉ በፊት የኢሜይሉን ፓስወርድ አስለወጥነው፤ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ መልሶ መክፈት ይችላልና። ቀጥሎ የጨዋታውን ፓስወርድ ለወጠ፤ አካውንቱ ከተከፈተባቸው ስልኮች ሁሉ እንዲወጣ አደረገ፤ ከዚያ በኋላ በስልኩ በሚላክ ቍጥር ካልሆነ በቀር እንዳይከፈት አሰረው። በዚህ መካከል በቴሌግራም አንድ ሰው «አምስት መቶ ብር ላክና እገዳውን አስነሣልሃለሁ» ብሎት ነበር፤ ይህ ሁለተኛው ሌባ ነው።

ልጁ መጀመሪያ የጻፈው አቤቱታ ሁለት ገጽ ነበር፤ የክፍል ደረጃውን፣ ጠባዩን፣ በመጨረሻም ኩባንያው ፍርድ አያውቅም የሚል ቍጣ ይዟል። አስቀድደን ጣልነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እኅቱ በእንግሊዝኛ ያጻፈችው ስድስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ አካውንቱ መቼ እንደ ተከፈተ፣ ከማይታወቅ ስልክ የመግባት ማስጠንቀቂያ በኢሜይል በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደ ደረሰ፣ ስድቡ ከዚያ በኋላ እንደ ተጻፈ፣ አካውንቱን ለመጠበቅ ምን እንደ ተደረገ፣ የሚለምነውስ ምን እንደ ሆነ። ከሁሉ የጠቀመን ግን መብራት መጥፋቱ ነው ብንል አንባቢ ይገረማል። በዚያ ሁለት ቀን ጌጫ መብራት አልነበረም፤ የልጁም ስልክ ሞቶ ነበር። «እኛን እመኑ አንልም፤ በእነዚያ ቀኖች ከዚህ ስልክ የገባ ሰው እንዳለ የራሳችሁን መዝገብ ተመልከቱ» ብለን ጻፍን።

ይግባኝ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ባለጉዳይ ተስፋ ሳይቈርጥ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው የይግባኝን መብት ይሰጣል። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትም በአዋጅ ቍጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ይሁን እንጂ የጨዋታ ኩባንያ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ዳኛው ሰው ይሁን መሣሪያ እንኳ አይታይም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሙሉ በሚሠራበት ሕግ፣ ትልልቅ የኢንተርኔት መድረኮች ሲያግዱ ምክንያቱን መግለጥ፣ አቤቱታንም ቢያንስ ለስድስት ወር ያለ ክፍያ መቀበል አለባቸው፤ አቤቱታውም በመሣሪያ ብቻ እንዳይወሰን ተከልክሏል። የጌጫ ልጅ ግን በዚህ ሕግ ጥላ ሥር አይደለም፤ ያለው ብዕሩ ነው።

የመጀመሪያው መልስ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ፤ እገዳው ይጸናል የሚል ነበር። ያን ያህል ፈጥኖ ያነበበ ሰው ይኖራል ብለን አላመንንም። ያንኑ ቃል ሳንጨምር ሳንቀንስ የማስጠንቀቂያውን ፎቶግራፍ አያይዘን ደግመን ላክን። በዐሥራ አንደኛው ቀን እገዳው ተነሣ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልነበረበትም።

የቀረው ይግባኝ በኩባንያው እጅ አልነበረም። የተሰደበችው እናት ቴፒ ናት። በቅዳሜ ልጁን ይዘን ሄድን፤ እርሱም ቆሞ «እትዬ፣ ቃሉ የእኔ አይደለም፤ በስሜ ስለ መጣብዎ ግን አዝናለሁ» አላቸው። እርሳቸውም የኢሜይሉን ወረቀት ተቀብለው ሰዓቱን ከልጃቸው ስልክ ጋር ሲያስተያዩ ቆዩ፤ ቸኩለው አልማሩትም። ኋላ ግን ቡና እንዲፈላ አዘዙ። ሁለቱ ልጆች ዛሬ አብረው ይጫወታሉ። ከቡድኑ የወጣው የአዲስ አበባው ልጅ ግን እስካሁን መልስ አልሰጠም፤ ልጃችንም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይጽፍለታል።