ባሕር የሌለው አገር መርከብ ሲስል

ዳምቦያ ቁጭ ብሎ የጦር መርከብ መሳል ያስቃል፣ እናውቃለን። ከመስኮታችን የሚታየው እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ ማዶ ደግሞ ሌላ እንሰት። ግን ለሰፈር ልጆች የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ስዕል ቃል ገብተናል፤ ቃል ደግሞ ዕዳ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳንጣላ።)

የጀመርነው ከ"ላንግሊ" ነው። አሜሪካኖች "ጁፒተር" የምትባል የድንጋይ ከሰል ጫኝ መርከብ ወስደው፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ደፍተውባት፣ በ1922 የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ተሸካሚያቸው አደረጓት። ሙከራ ነበረች፤ ከመርከብ ላይ መነሳትና ማረፍ የተማሩባት። ትላልቆቹ ሲመጡላቸው ግን በ1937 የፊተኛውን ጣሪያ ቆርጠው የባሕር አውሮፕላን ተንከባካቢ አደረጓት። ተንከባካቢ ማለት? አውሮፕላኑ ውሃ ላይ ያርፋል፣ መርከቧ በክሬን ታነሳዋለች፣ ነዳጅ ትሞላዋለች፣ ትጠግነዋለች፣ አብራሪዎቹን ታበላለች። እናት በሏት።

እና ይህን ዓይነት መርከብ ስናገላብጥ ማንን ብናገኝ ጥሩ ነው? "ኢትዮጵያ"ን! የራሳችን ባሕር ኃይል መርከብ! በ1944 ሥራ ስትጀምር ስሟ "ኦርካ" ነበር። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር፤ በፓስፊክ ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል ቆይታ በ1962 ለኛ ተሰጠች፣ ምጽዋ ላይ ማሰልጠኛ ሆነች።

"ላንግሊ" ወዲያው ተረሳች። "ኦርካ"ን በ1944 መልኳ፣ አውሮፕላን ከጎኗ አስጠግተን ሳልናት። ሥራዋ ያ ነበራ! ስዕሉን ይዘን ቀድሞ ባሕር ኃይል ያገለገሉ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድን። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ክሬኑን አልጠየቁ፣ አውሮፕላኑን አልጠየቁ።

"ባንዲራችን የት አለ?"

በ1944 የኛ እንዳልነበረች አስረዳን።

"እሱን ለፈረንጆቹ ሳሉላቸው። ለነዚህ ልጆች የኛዋን ነው የምትስሉት" ብለው ወረቀቱን መለሱልን።

ምን ይመለሳል? ሄደው የሚያዩዋት መርከብ እንኳ የለችም። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀረው ስዕል ብቻ ከሆነ፣ ስዕሉ የማን ነው? እኛ ደግሞ የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው፤ ያልነበረ ባንዲራ በ1944 ላይ አንሰቅልም።

ስለዚህ አንድ ሰፊ ወረቀት አምጥተን ሁለቴ ሳልናት። ከላይ "ኦርካ" ከአውሮፕላኗ ጋር፣ ከታች "ኢትዮጵያ" ከባንዲራዋ ጋር። ልጆቹ የታችኛዋ ላይ ጄት ካልጨመራችሁ አሉ። አልጨመርንም፣ አኮረፉ። ጋሼ ግን ጣታቸውን የመርከቧ ሆድ ላይ አድርገው ይተኙባት የነበረችውን ቦታ እየፈለጉ ነው። እርሳስ ይዘን እየጠበቅናቸው ነው።