ፍሪሲዮኑ የት ላይ ይይዛል?

መኪና ውስጥ ካሉት ሦስት ፔዳሎች ወሬ የሚወራላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ነዳጅ መስጫው የጉረኛ ሹፌር መፎከሪያ ነው። ፍሬኑም ቢሆን አደጋ በደረሰ ቁጥር "ፍሬን በጥሶ ነው" እየተባለ ስሙ ይነሳል። ከግራ እግር ሥር የተኛውን ፍሪሲዮን ግን ማንም አያስታውሰውም። ከቆምንበት የሚያስነሳን እሱ ሆኖ ሳለ!

ቃሉን ከማርሽ፣ ከካምቢዮና ከዳዶ ጋር ያወረሰን ጣሊያን ነው። በቋንቋቸው "ፍትጊያ" ማለት ነው። ሞተር አንዴ ከተነሳ ያለ ዕረፍት ይዞራል፤ ጎማው ደግሞ ቆሟል። የሚዞረውን ከቆመው ጋር በድንገት ብታጋጥሟቸው ወይ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይ የሚሰበር ነገር ይኖራል። ፍሪሲዮን በሁለቱ መሀል ገብቶ ቀስ አድርጎ የሚያስማማ ሽማግሌ ነው። ሽምግልና ደግሞ ዋጋ አለው። ባስማማ ቁጥር ሸራው በጥቂቱ ያልቃል። ሸራ ማለታችንም ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1897 የፍሬን ሥራውን ሲጀምር የተጠቀመው በጥጥ ጨርቅ ነበር።

ነቀምቴ ውስጥ አንድ የማውቀው መካኒክ አለ። ደንበኛ ለዘይት ቅያሪም ይምጣ ለፍሬን፣ መኪናውን ከበር ተቀብሎ ራሱ ነድቶ ያስገባል። አሥር ሜትር ብትሆን ነው። አንድ ቀን የአንዱን ወጣት ሹፌር መኪና እንዲሁ ነድቶ አስገባና ሲወርድ፣

"አንተ ልጅ፣ ፍሪሲዮንህ በጣም ከላይ ነው የሚይዘው። ሸራው ሊያልቅብህ ነው" አለው።

"ኧረ ጋሼ፣ ምንም የለበትም! በየቀኑ እየነዳሁት እንዴት አላውቅም?"

"በየቀኑ ስለምትነዳው እኮ ነው የማታውቀው።"

ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩን ይዤው ሄድኩ።

መካኒኩ ያለው ትክክል ነው። በካቦ የሚሠራ ፍሪሲዮን፣ ለምሳሌ የድሮዋ ቮልስ፣ ሸራው እየሳሳ በሄደ ቁጥር ፔዳሉ የሚይዝበት ቦታ ወደ ላይ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ግን አይወጣም። ዛሬ ከትናንት የሚለየው በፀጉር ስፋት ነው። የሹፌሩ እግርም በፀጉር ስፋት ይከተለዋል። ከዓመት በኋላ ፔዳሉ ሌላ ቦታ ነው፤ እግሩም ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ አብረው ስለተጓዙ ግን አንዱም መሄዱን አያውቅም። በዘይት የሚሠራው ደግሞ ይባስ ይደብቀዋል። ያለቀውን ዘይቱ ራሱ ስለሚያካክስ ፔዳሉ ላይ ብዙም ሳይታወቅ ይቆይና አንድ ቀን ዳገት ላይ ይጋለጣል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንላለን። በአፋን ኦሮሞም ተረቱ አለ፤ "ሱታ ሱታ" እያለ እንቁላሉን ያስኬደዋል። ሁልጊዜ የምንተርተው ለትዕግሥት ማሞገሻ ነው። ተማር፣ ሥራ፣ ጠብቅ፣ ትደርሳለህ ለማለት። ግን እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ወደ ጥሩ ቦታ ብቻ ነው ያለው ማነው? ጉዳትም እኮ እንቁላል ነው። እሱም ቀስ በቀስ እግር ያወጣል።

ባጃጅን እዩ። የተሠራው ከኋላ ሦስት ሰው እንዲይዝ ነው። መጀመሪያ ሦስት ነበርን። ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ዘነበና አንድ ሰው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ ዝናብ ነውና ማን ይከለክለዋል? ከዚያ ዝናብ ባይኖርም ተቀመጠ። ከዚያ በሌላኛው ጎንም ሌላ ሰው መጣ። "ትንሽ ጠጋ በሉ" ነው ቃሉ። ማንም ሰው ተነስቶ "ከዛሬ ጀምሮ ሹፌሩ መሪውን በክርኑ ያሽከርክር" ብሎ አልወሰነም። ጠጋ ስንል፣ ጠጋ ስንል እዚያ ደረስን እንጂ። ዛሬ "ሦስት ብቻ ነው የምጭነው" የሚል ሹፌር ቢመጣ ጤነኛ አይመስለንም።

ከባጃጁ የሚከፋው ቤት ውስጥ ያለው ነው። ለገና ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ በሩን አልፋ ሳትቀመጥ፣ "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?" ትላለች። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ "ምንም አልሆነችም፣ ደህና ናት" ይላል። እየዋሹ አይደለም። አብረዋት ስለሚውሉ ነው። ቀሚሷ የሰፋው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ ደረጃውን ለመውጣት ሁለቴ ማረፍ የጀመረችው በአንድ ሳምንት አይደለም። ዓይናቸው አብሯት ከስቷል። ልጅቷ ደጋግማ ስትጠይቅ ደግሞ ነገሩ ወደ ኩርፊያ ይዞራል። "ለሁለት ቀን መጥተሽ ከእኛ በላይ አወቅሽላት?" ትላታለች ታላቅ እህቷ። አዎ፣ ለሁለት ቀን ስለመጣች ነው ያወቀችው! መካኒኩ ለአሥር ሜትር ስለነዳው ነው የያዘው።

እንግዳ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። እንግዳም ይሳሳታል። የራሱን መኪና የለመደ ሰው የሌላውን ሲነዳ ሁሉም ነገር የተበላሸ ይመስለዋል። ከላይ መያዝ ጤንነታቸው የሆነ መኪኖችም አሉ። ለዚህ ነው የነቀምቴው መካኒክ ጥርጣሬውን ከተናገረ በኋላ ቁልፍ ሳይሆን ማስመሪያ የሚያነሳው። ማስመሪያውን ወለሉ ላይ ያቆማል፤ ፔዳሉን በእግሩ ሳይሆን በእጁ ቀስ ብሎ ይጫናል። ከላይ ምንም ሳይከብድ የሚወርድ ትንሽ ባዶ ቦታ መኖር አለበት። በብዙ ቶዮታዎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ በቮልስ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። እግር ይለምዳል፤ ማስመሪያ አይለምድም።

ይህቺ ባዶ ቦታ ብዙ ሹፌር አትወደድም። "ፔዳሌ ላልቷል፣ አጥብቅልኝ" ብሎ የሚመጣ ሞልቷል። ጨርሶ ከጠበቀች ግን ሸራው ሙሉ በሙሉ አይያዝም፤ ሳይረገጥ እንደተረገጠ ይሆናል፤ ሲንሸራተት፣ ሲቃጠል ይውላል። እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከመጠን በላይ ከላላች ደግሞ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለይም፤ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል፣ የኋላ ማርሽማ ይጮሃል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት፣ አለቃና ሠራተኛ በአንድ ቢሮ የሚኖሩትም እንዲሁ ነው። ትንፋሽ የምትሆን ትንሽ ክፍተት ከሌለች መቃጠል ነው፤ ከበዛች መንጫጫት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማስተካከልና መጠገን አንድ አይደሉም። የቮልሷ ካቦ ጫፍ ላይ ክንፍ ያላት ዳዶ አለች። እሷን በማዞር ፔዳሉ የሚይዝበት ቦታ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ሸራው ገና ወፍራም እያለ በየጊዜው ይህን የሚያደርግ ሰው ብልህ ነው፤ የሸራውን ዕድሜ ያረዝማል። ግን ዳዶዋን ማዞር ሸራውን አያወፍረውም። የቀረውን እንድንጠቀም ብቻ ነው የሚያግዘን። የምትዞርበት ጥርስም ማለቂያ አለው። ይህን አውቀው መኪና ሊሸጡ ሲሉ ዳዶዋን አዙረው ፔዳሉን አዲስ የሚያስመስሉም አሉ። ገዢው ሜዳ ላይ ነድቶ ይደሰታል። ሜዳ ላይ የማይነዳ ፍሪሲዮን የለም።

ዳገት ግን ይናገራል። የእኛ አገር ደግሞ ዳገት ነው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከነቀምቴ በአርጆ በኩል ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ ሌላውን ዳገት ይይዛል። ኑኑ ቁምባም ከዴዴሳ ወዲህ ካሉት የምሥራቅ ወለጋ ወረዳዎች አንዱ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ኮረኮንች ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃ። እዚህ ላይ አይሱዙው ቡና ጭኖ ሲወጣ በአንደኛ ማርሽ ነው። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ ይሮጣል። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይሸታል። ያኔ ዳዶ ቢያዞሩት ምን ዋጋ አለው?

ያ መኪና ቡና ብቻ አይጭንም። ከገጠሩ ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል የሚወጣውም በዚያው ዳገት ነው። ፍሪሲዮኑ ዛሬ እንደማያወጣው ሹፌሩ የሚያውቀው ግማሽ መንገድ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ተበላሽቶ ማደር በደጉም ጊዜ ከባድ ነበር፤ ወለጋ በፀጥታ ችግር ባሳለፋቸው በእነዚህ ዓመታት ደግሞ የጨለመበት መንገደኛ የሚፈራው ብርዱን ብቻ አልነበረም። ሸራው ያለቀው ግን ያን ማታ አይደለም። ከዓመት በፊት፣ ሜዳ ላይ፣ ሁሉም "ምንም የለበትም" ሲል ነው ማለቅ የጀመረው።

መካኒኩ ለሹፌሮች የሚነግራት ቀላል ፈተና አለች። ሜዳ ላይ፣ ከፊት ሰው በሌለበት፣ የእጅ ፍሬን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ ሞተሩ እየሠራ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ። ሸራው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል ማለት ነው። ነገሩ አይገርማችሁም? ጤነኛው የሚጠፋው ነው፤ በሽተኛው "ምንም አልሆንኩም" እያለ የሚቀጥለው ነው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ መኪና ያላችሁም የሌላችሁም፣ በዓመት አንድ ቀን ወንበራችሁን ለሌላ ሰው ልቀቁና አሥር ሜትር ይንዳላችሁ። ሲወርድ የሚላችሁን ስሙት። ደስ ካላላችሁ አትጣሉት፤ ማስመሪያ አምጡና አብራችሁ ለኩ። ልኩ ከጠፋ፣ ሸራው ገና ካለ ዳዶዋን አዙሩ። ሸራው ካለቀ ግን ዳዶዋን ተዉአትና ካምቢዮውን አውርዱ። ሥራው ከባድ ነው፣ ወጪውም ያማል። ቢሆንም ጋራዥ ውስጥ ሲወርድ ነው የሚሻለው። ዳገት ላይ ካምቢዮ የሚያወርድ መካኒክ የለም።