ዜብራው ብቻውን መኪና አያቆምም



ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ ልጅ በቀደም በቴሌግራም «ቲቸር፣ አዲስ አበባ ላይ ያስቸገረኝ ትምህርቱ ሳይሆን አስፋልት መሻገሩ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በየዓመቱ ስንቱ ልጅ ነው ለትምህርትም ለሥራም ወደ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚሄደው? እኛ አገር ያደገ ልጅ ወንዝ መሻገር ያውቃል። ክረምት ላይ መልካው የት እንደሆነ፣ ውሃው እስኪጎድል መቼ መጠበቅ እንዳለበት ይገባዋል። አስፋልትም መልካ አለው። መልካው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው ዜብራ ነው። ነጭ መስመሩ የሜዳ አህያ ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው፤ እንግሊዞች በ1951 እ.ኤ.አ. በሕግ ካጸደቁት በኋላ ዓለምን አዳርሷል። የእኛም የትራፊክ ሕግ ዜብራ ላይ ላለ እግረኛ ቅድሚያ ይሰጣል። ቀለሙ ግን ፍሬን አይዝም፤ ፍሬን የሚይዘው ሹፌሩ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ እንዳያችሁና ፍጥነቱን እንደቀነሰ ሳታረጋግጡ እግራችሁን አታስገቡ። መኪኖች ጎን ለጎን በሚሄዱበት ሰፊ መንገድ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። አንዱ ሹፌር ቆሞ «እለፉ» ይላችኋል፤ ከጎኑ የሚመጣው ግን የቆመው መኪና ስለጋረዳችሁ ላያያችሁ ይችላል። የቆመው መኪና ጫፍ ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ አሻግራችሁ እዩ።

ሁለተኛው መብራት ያለበት ነው። ለእግረኛው አረንጓዴ ሲበራ ግቡ። ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ የገባ ይጨርስ፣ ያልገባ ይጠብቅ። አረንጓዴም ሆኖ የሚታጠፍ መኪና ስለማይጠፋ ግራ ቀኙን ማየት አይቀርም።

ሦስተኛው መንገዱ መሃል ላይ ማረፊያ ያለው ነው። ይሄንን እንደ ሁለት መንገድ ቁጠሩት። ግማሹን ተሻገሩ፣ መሃል ላይ ቁሙ፣ ሌላውን አቅጣጫ እንደ አዲስ አይታችሁ ቀጥሉ።

አራተኛው የእግረኛ ድልድይና የመሬት ውስጥ መተላለፊያ ነው። አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ድልድዩ ቆሞ እያለ አጥር ዘሎ የሚያልፍ ሰው ታያላችሁ። ደረጃው እንደሚያደክም፣ ዙሪያውም እንደሚረዝም አውቃለሁ። ግን እዚያ የሚነዳ ሹፌር እግረኛ ይገባብኛል ብሎ አይጠብቅም። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተማዋ ውስጥ ቀላል ባቡር አለ። ባቡር እንደ መኪና ቶሎ አይቆምም፣ መሪ ጠምዝዞም አይስታችሁም። ሐዲዱን በተፈቀደው ቦታ ብቻ ተሻገሩ።

አምስተኛው ምንም ምልክት የሌለበት ነው። እሱ የእኛ አገሩ ነው። ነፋስ መውጫን ብንወስድ፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። በገበያ ቀን ያ ሁሉ ሰው ከነአህያው፣ ከነበጉ፣ ከነሸክሙ በአይሱዙና በሲኖ ትራክ መካከል ይሻገራል። የጉና ጉም ሲወርድ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው እንኳ አይታይም።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ሁለት መኪና የሚያስተላልፍ አስፋልት ወርዱ 7 ሜትር ገደማ ነው። ጤነኛ ወጣት በ6 ሰከንድ ይሻገረዋል፤ ምርኩዝ የያዙ እናት ግን 9 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። በ9 ሰከንድ 150 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ እኚያ እናት መግባት ያለባቸው ቢያንስ 150 ሜትር ድረስ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሲታያቸው ነው። መታጠፊያ ላይ ወይም ከቆመ መኪና ጀርባ ሆነው ይሄ እንዴት ይታያቸዋል? እኛ ግን አደጋ ሲደርስ «ሳያዩ ገብተው ነው» እንላለን።

ምልክት የሌለበት ቦታ ስትሻገሩ ከመታጠፊያና ከቆመ መኪና ራቁ። መጀመሪያ ግራ፣ ቀጥሎ ቀኝ፣ እንደገና ግራ እዩ። አገራችን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ ቀድሞ የሚደርስባችሁ መኪና በግራችሁ የሚመጣው ነው። መሮጥም አያዋጣም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እህል ያፈሰሰ ይለቅማል፣ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

ከተማሪዎቼ መካከል ሹፌር የሆናችሁ አላችሁ፤ ለእናንተም ስሌት አለኝ። በ60 ስትነዱ እግረኛውን አይታችሁ ፍሬን እስክትረግጡ አንድ ሰከንድ ቢፈጅባችሁ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ እስክትቆሙ ከ35 ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ። በ30 ብትነዱ 13 ሜትር ገደማ ይበቃችኋል። መንገዱ ከረጠበና ጭነት ካለ ሁለቱም ይረዝማሉ። ከተማ ስትገቡ ፍጥነት ብትቀንሱ የምታጡት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው።

የከተማችንን ጉዳይ የያዛችሁም ይሄን ካነበባችሁ፣ ድልድይ ሥሩልን እያልን አይደለም። ትምህርት ቤት በርና ገበያ መግቢያ ላይ አንድ አንድ ጉብታ፣ እላዩ ላይ ዜብራ፣ ከፊቱ ደግሞ ምልክት ይኑር። ጉብታ ሲኖር ሹፌሩ ወደደም ጠላም ይቀንሳል፤ ዜብራውም ያኔ ሥራውን ይሠራል።

እናንተ ባላችሁበት ከተማ ለመሻገር የሚያስፈራው ቦታ የቱ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አዲስ አበባ ለሚሄደው ታናሽ ወንድማችሁና እህታችሁም ሼር አድርጉላቸው።

በሰላም ውላችሁ በሰላም ግቡ!