ወርቁና ወፍጮው

በልጅነቴ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ አልነበረም፤ ወፍጮ ነበር። አያቴ ገና ሳይነጋ ተነሥታ፣ ኩራዟን ለኩሳ፣ ከወፍጮው ፊት ትንበረከካለች። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ አንድ ድምፅ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ሌላ ድምፅ ነበረው። በዚያው ሰዓት ከመንደሩ በላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን የሰዓታት ዜማ ይወርዳል። ሁለቱ ድምፆች ከጎጇችን ጣሪያ ሥር ይገናኙና ይዋሐዳሉ። እኔም በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ ስሰማ፣ ካህናቱ የሚፈጩ፣ አያቴ የምታዜም ይመስለኝ ነበር።

ይህ የልጅ ግራ መጋባት እውነት እንደ ነበረበት የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ዜማ ለሌሊቱ ያዘጋጀልን አባት፣ አባ ጊዮርጊስ፣ የዚያው የእኛ አገር፣ የወሎ ቦረና ሰው ነበር። ገድሉ እንደሚለውም፣ ከመጻፉ በፊት ወፍጮ ፈጪ ነበር።

የቦረና ከተማ መካነ ሰላም ናት። ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ ቀምሶ፣ አቀስታን አልፎ ለሚመጣ መንገደኛ ደጋው የማያልቅ ይመስለዋል። የገብሱና የስንዴው ማሳ እስከ ሰማይ ጠርዝ ይዘረጋል። ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ ግን ምድሩ በድንገት ይቆረጥና ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ሁሉን የጨበጠ ይመስለዋል፤ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ግን ገደል ነው። ስለ ትዕቢት ማሰብ የጀመርኩት እዚያ አፋፍ ላይ ቆሜ ነው። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ገዳምም የሚገኘው በዚሁ ገደላማ አገር ነው።

አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰግላ በምትባል የቦረና መንደር ተወለደ። ስለዚህ ነው አንዳንድ መጻሕፍት ዘጋሥጫ፣ ሌሎቹ ዘሰግላ የሚሉት። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ካህን ነበር፤ ልጁ የቤተ መንግሥት ደጅ የማያስፈራው የታላቅ ሰው ልጅ ነው ማለት ነው። ትምህርት እንዲማር አባ ኢየሱስ ሞዐ ወዳስተማሩበት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተላከ። እዚያ ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። ገድሉ ሰባት ዓመት ይላል። ሰባት ዓመት ከጓደኞቹ ኋላ ቀርቶ፣ የሰሙትን እየሰማ፣ የያዙትን ሳይዝ። በመጨረሻም ለመነኮሳቱ እህል እንዲፈጭ ተመደበ።

ይህችን ቃል ፈጥነን እንዳናልፋት። በደጋው አገር ወፍጮ የሴት ሥራ ነበር። ወንድ ልጅ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይዘምታል እንጂ ወፍጮ ፊት አይንበረከክም። የንጉሥ ካህን ልጅ ከወፍጮ ፊት ተንበርክኮ ሲፈጭ የሚያየው ሰው ሁሉ ምን እንደሚል እናውቃለን። እርሱ ግን ፈጨ። ሌሊት ሌሊት ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ እያለቀሰ ይለምን ነበር፤ እርሷም ጽዋዐ ሕይወት አጠጣችው ይላል ገድሉ። ከዚያ ወዲያ አእምሮው እንደ ምንጭ ፈለቀ። መጽሐፈ ሰዓታትን ሠራ። አርጋኖንን ደረሰ። በ1416 ዓ.ም የተፈጸመውን ታላቁን መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፈ። ነገሥታት አከበሩት፤ ከሳሾችም አላጡትም፤ መታሰርም ደርሶበታል። ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም ዐርፎ ጋሥጫ ተቀበረ።

እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ጽዋው አይደለም፤ ከጽዋው በፊት ስለ ነበረው ወፍጮ ነው። ወፍጮ ያላጎበጠው ወጣት ያን ሁሉ እውቀት ቢያገኝ ምን ያደርግበት ነበር? ሳይሰባበር የተሞላ ሰው የሞላበትን ለራሱ ያደርገዋል። አባ ጊዮርጊስ ግን እውቀት ሲሰጠው እጁ ቀድሞ ማካፈል ለምዶ ነበር። የፈጨውን ዱቄት ራሱ አይበላውም፤ ለማኅበሩ ነው። የደረሰውንም ዜማ በስሙ አላስቀረውም፤ ለሌሊቱ ሰጠው።

አባ ጊዮርጊስ ካረፈ መቶ ዓመት ሳይሞላ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው በጥንቱ የአምሐራ ምድር ሌላ ሥራ ተጀመረ። አፄ ናዖድ መካነ ሥላሴ የምትባል ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመሩ፤ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ጨረሷት። በወርቅና በብር ተለበጠች፤ በዕንቁ አጌጠች። በ1524 ዓ.ም የኢማም አሕመድ ጦር ሲደርስባት፣ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ እንኳ መደነቁን ሳይሸሽግ ጽፏል። ተዘረፈች፤ ተቃጠለች።

ወርቁን መንቀፌ አይደለም። ለፈጣሪ ያለውን ሁሉ የሰጠ ንጉሥ አይነቀፍም። ግን ስለ ልብነ ድንግል በአገሩ የሚነገር ትውፊት አለ። ሰላሙ በዛ፣ ጠላት ጠፋ ብለው ጦር አምጣ እያሉ መሬቱን በጅራፍ ያስገርፉ ነበር ይባላል። በእውነት የሆነ ይሁን ወይም ሕዝቡ ከመከራው በኋላ ምክንያት ሲፈልግ ያገኘው ምሳሌ፣ ትምህርቱ አይለወጥም። ትዕቢት ሰላም ሲበዛለት አያመሰግንም፤ ይሰለቻል። በመጨረሻም ያ ባለ ወርቅ ንጉሥ ከአምባ አምባ ሲሸሹ ኖረው፣ በ1532 ዓ.ም ደብረ ዳሞ ላይ ስደተኛ ሆነው ዐረፉ። ያሸነፏቸውም ኢማም በየካቲት 1535 ዓ.ም ወይና ደጋ ላይ ወደቁ። ወርቁ ለሠራውም አልቀረ፤ ለወሰደውም አልቀረ።

የፈጪው ሰዓታት ግን ዛሬ ሌሊት ይቆማል። መካነ ሰላም ላይ ይቆማል፣ አዲስ አበባ ላይ ይቆማል፣ ልጆቻችን በተሰደዱበት በዋሽንግተን ዲሲ ይቆማል። ከዚያ የቃጠሎ ጦርነት የተረፈው ግድግዳ ስላልነበረው ነው። በሰው አፍ ውስጥ ነበር፤ የሸሸው ካህን ስልቻውን ትቶ ቢሄድ እንኳ ዜማውን ይዞት ሄዷል።

ዘላለም ማለት የረዘመ ዘመን ይመስለኝ ነበር። ነገሥታቱም እንደዚያ ያሰቡ ይመስለኛል፤ ስለዚህ የማይዝገውን ወርቅ መረጡ። ጌታችን በወንጌል የነገረን ያ ባለጠጋም ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ያሰበው ብዙ ዘመን የሚኖር መስሎት ነበር። የገበሬ ልጅ ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ ጎተራ ውስጥ የተቀመጠ እህል ነቀዝ ይበላዋል። እህል የሚድነው ሲዘራ ወይም ሲፈጭ ነው፤ ሁለቱም እህሉን እህልነቱን ያሳጡታል። ነፍስም እንዲሁ ትመስለኛለች። ዘላለም የምናከማቸው የጊዜ ብዛት አይደለም፤ ከእጃችን ወጥቶ ለሌላው እንጀራ የሆነው ነገር ነው። የቀረው ሁሉ የነቀዝ ነው።

እምነትን ስለ ማካፈልም የወሎ ምድር ያስተማረችን ከባድ ትምህርት አለ። በግንቦት 1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ ከደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። በዚያ ዘመን የወሎ ሙስሊም በአዋጅ ክርስቲያን እንዲሆን ታዘዘ። ብዙው በፍርሃት ተጠመቀ፤ ብዙው ተሰደደ፤ ሼህ ጠልሃን የመሰሉት ተነሥተው ተቃወሙ። የተጠመቀውም ብዙ ሰው ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ ይባላል። ንጉሡ ስለ አገር አንድነት አስበው ይሆናል፤ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው። እኔ እንደ ክርስቲያን የሚያሳዝነኝ ግን የተቀደሰው ውኃ የፍርሃት ምልክት መሆኑ ነው። ክርስቶስ በር ላይ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ በር አይሰብርም። በሩን የሰበረ ሰው ቤቱ ቢገባም እንግዳ ተብሎ አይቀበሉትም።

ያን ጊዜ ከተጠመቁት አንዱ ሙሐመድ አሊ ነበሩ፤ ራስ ሚካኤል ተባሉ። በ1906 ዓ.ም የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው ነገሡ። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ሰገሌ ላይ ተማርከው በሰንሰለት ታስረው አዲስ አበባ ሕዝብ ፊት አለፉ። ይህን የማነሣው በወደቀ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። በዘውድና በሰንሰለት መካከል ያለው ጊዜ ሁለት መኸር ብቻ መሆኑን አስቤው ስለሚያስደነግጠኝ ነው።

እምነት ወደ እኛ መንደር የመጣበት ሌላ መንገድ ግን ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ ኮሮጆ አንግቶ፣ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ። ያ ልጅ ከሰጪው በታች ቆሞ ነው የሚያስተምረው። ውሻ ይነክሰዋል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ቁራሽ ይለምናል። ነገ መሪጌታ ሲሆን፣ ያበላው ደጃፍ ሁሉ ባለ ውለታው ነውና ማንንም መናቅ አይችልም። ቤተ ክርስቲያን መምህሮቿን መጀመሪያ ለማኝ ማድረጓ ትልቅ ጥበብ ነው።

እኔ ይህን ጥበብ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ከተማ ተምሬ በተመለስኩበት ዓመት፣ አያቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቶች ተጠሩ። ከልጅነቴ አብሮኝ ከብት የጠበቀ ሙስሊም ጓደኛዬም መጣ። በእኛ አገር ቅሬው፣ ማለት እድሩ፣ አንድ ነው፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን መቃብር ይቆፍራል፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ቃሬዛ ይሸከማል። እኔ ግን ያን ቀን ያነበብኩትን ሁሉ አወረድኩበት። ጥያቄ ሲያነሣ መልስ ነበረኝ፤ ዝም ሲልም አላቆምኩም። በክርክሩ አሸነፍኩ። አቦሉን እንኳ ሳይጨርስ ስኒውን አስቀምጦ፣ አያቴን መርቆ ወጣ።

አያቴ ለብዙ ጊዜ አልተናገረችም። በረካው ከተቀዳ በኋላ ነው ቀስ ብላ፣ «አይ ልጄዋ፣» ያለችው፣ «ለእንግዳ ጥሬ እህል ይቀርባል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ቃል አልተለየችኝም። የተማርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ግን አልተፈጨም። በእኔ ሕይወት ውስጥ አልደቀቀም፣ በእንባ አልተቦካም፣ በመከራ እሳት አልተጋገረም። ከመጽሐፍ እንዳነሣሁት ጥሬውን በሰው ፊት ደፋሁት። ለነገሩ ያኔ የፈለግሁት ጓደኛዬ ክርስቶስን እንዲያይ አልነበረም፤ እኔን እንዲያይ ነበር። ከትዕቢት ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የእግዚአብሔርን ስም ይዞ ራሱን የሚሰብክ። የዓለም ክብር ጌጡን ያወልቅና የጸሎት ልብስ ሲለብስ ማን ያውቀዋል? ወፍጮው ብቻ ነው የሚያውቀው። ጓደኛዬን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ስለ እምነቴ የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔም ያወቅሁትን ሳይሆን የኖርኩትን ነገርኩት። ጥቂት ነበረች።

አንድ ዓመት በሐምሌ 7 ጋሥጫ ሄጄ ነበር። ዕለቱ የአባ ጊዮርጊስ ዕረፍት ነው፤ የሥላሴም ዓመታዊ በዓል ነው። ባለ ወርቋ መካነ ሥላሴ በስማቸው የተሠራችላቸው ሥላሴ፣ ወፍጮ ፈጪውን በበዓላቸው ቀን ጠሩት። ክረምቱ ከብዶ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ፣ ገደሉ ጉም። ከገዳሙ ደጅ አንድ ዲያቆን ምእመናን ያመጡትን ስእለት እየተቀበለ በደብተር ይጽፋል። አንዲት አሮጊት አህያ እየነዱ መጡ። ካባቸው ከዝናቡ የተነሣ ከገላቸው ተጣብቋል፤ በአህያዋ ላይ የተጫነው አቁማዳ ግን በቆዳ ተሸፍኖ ደረቅ ነው። ፈትተው አሳዩት፤ ልም የስንዴ ዱቄት።

«እናቴ፣ ወፍጮ ቤት እያለ በእጅ ነው የፈጩት?» አላቸው ዲያቆኑ በጣቱ ዳስሶ።

«አባታችንስ በእጁ አይደል የፈጨው፣» አሉ።

«በማን ስም ልያዘው?»

አሮጊቷ ትንሽ ዝም አሉ። «በኔ ስም አይሁን። አህያዋም የጎረቤቴ ናት። ጉልበቴ ደክሞብኝ ሌሊቱን አብራኝ የፈጨች እሷ ናት። ሙስሊም ናት፤ የክርስትና ስም የላትም። አንተው ‹አብራ የፈጨች› ብለህ ጻፍልኝ።»

ዲያቆኑ ብዕሩን ይዞ ቆየ። ከዚያ አጎነበሰና እንደ ነገሩት ጻፈ።

ያን ሌሊት ሰዓታት ሲቆም ከግድግዳው ጥግ ተጠግቼ ሰማሁ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ዜማው ይወጣል። ዓይኔን ስጨፍን የአያቴን መጅ ሰማሁ፤ ወደ ፊት አንድ ድምፅ፣ ወደ ኋላ ሌላ ድምፅ።