በጌዶ መንገድ ላይ ያሉ ጥንታዊ ግቢዎች

አንባቢ ሆይ፣ በክረምት ጌዶ ላይ ከአውቶቡስ ወርደህ ትኩስ ሻይ ፍለጋ ስትጣደፍ፣ የቆምህበት መንገድ በሁለት ወገን ወደ ጥንታዊ ግቢዎች እንደሚወስድ ምናልባት ልብ አላልህ ይሆናል። በስተ ምሥራቅ አዲስ ዓለምና ሆለታ፣ በስተ ምዕራብ ነቀምቴ ይገኛሉ።

በምሥራቁ እንጀምር። አምቦን አልፈህ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀርህ አዲስ ዓለምን ታገኛለህ። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማዋን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ተመንጥሮ ማገዶ በመጥፋቱ መናገሻውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ነበርና። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታው ላይ ተሠራ፤ መንገድም ተጠረገ። ዳሩ ግን ባሕር ዛፍ የተባለው እንግዳ ተክል ቶሎ አድጎ የማገዶውን ችግር አቃለለውና መናገሻው ሳይነቃነቅ ቀረ። የንጉሠ ነገሥቱን አሳብ ያስለወጠ ዛፍ ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም! ለንጉሥ የታሰበው አዳራሽም ለማርያም ተሰጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ካህናት ስለሚያገለግሉበትና ምእመናን ስለሚሳለሙት እስከ ዛሬ ቆሟል። የሆለታው የምኒልክ ቤት ደግሞ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ሆኖ ሌላ ሥራ አገኘ።

ሥራ ያጣ ቤት ምን እንደሚደርስበት አይርላንድ ታሳየናለች። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1923 በነበረው ጦርነት በመቶ የሚቆጠሩ የባላባት ቤቶች ተቃጠሉ። ገበሬው ቤቱን የሚያየው እንደ ጥበብ ሥራ ሳይሆን እንደ ጭሰኝነት ምልክት ነበር፤ ይህ ስሜት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከተረፉትም ውስጥ የአንዳንዱን ጣራ ባለቤቱ ራሱ አፈረሰው፤ ግብር የሚጠየቀው ጣራ ላለው ቤት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1722 የተጀመረው ታላቁ ካስልታውን የዳነው ዴዝሞንድ ጊነስ በ1967 ስለገዛውና በጎ ፈቃደኞች ስላደሱት ነው።

አሁን ፊትህን ወደ ምዕራብ መልስ። ባኮን አልፈህ ነቀምቴ ስትገባ፣ የሌቃ ገዢ የነበሩትን፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉትን የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳን ግቢ ጠይቅ። ቤተሰቡ በደርግ ዘመን ከግቢው ተወሰደ፤ እንደ አዲስ ዓለም ዕለት ዕለት የሚያገለግልበት ካህን፣ እንደ ሆለታ የሚማርበት ተማሪ አልተተካበትም። እንግዲህ እዚያ ስትደርስ ስለ ደጃዝማቹ ታሪክ ከመጠየቅህ በፊት ቀና ብለህ ጣራውን ተመልከት። የወለጋ ዝናብ ብዙ ነው፤ ቤቱም እንጨት የበዛበት ነው።